የአባዬ ክፍል

ቧንቧ ሠራተኛው ልጁ ከሞተ ወዲህ በየጠዋቱ የልጁን ክፍል ከፍቶ ደፉ ላይ ይቆማል፤ አይገባም። ልጁ በሕይወት ሳለ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ጡብ የማታህል ኮምፒውተር አሳይቶት፣ «አንድ ቤት ከፋፍሎ ለአራት ሰው እንደማከራየት በላት፤ በሆዷ አራት ኮምፒውተር ይሠራል» ብሎት ነበር። ልጁ ለአራቱ ያወጣላቸው ስምም እስክሪኑ ላይ ተደርድሮ ነበር፦ እማዬ፣ እህቴ፣ አጎቴ፣ ድመቷ።

«ለድመት የተገኘ ክፍል ለእኔ ታጣ?»

«አንተማ ኩርፊያህ ብቻውን ቤት ይሞላል፣ አባዬ።»

ሚስቱ ከጓዳ ሳቀች። ዕድሜውን የሰው ቤት ሲጠግን የኖረ ሰው በገዛ ቤቱ ከድመት በታች ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደፉን አላለፈም። ልጁ ታሞ አልጋ ይዞ፣ «ግባ እንጂ፣ አባዬ» ሲለው እንኳ፣ «እዚሁ ይበቃኛል» አለው። በማግስቱ ልጁ አልነበረም።

ኮምፒውተሯን ለማጥፋት የጨከነ የለም፤ የኢንተርኔት ገመዷን ብቻ ሚስቱ ነቅላዋለች። ዛሬ ጠዋት ግን ዝርዝሩ አምስት ሆኗል። ከድመቷ በላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ «አባዬ» ይላል። የተፈጠረበት ቀን የዛሬ ነው።

መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ እንደገና አየ። እስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት ተከፈተና ፊደል በፊደል ይጻፍበት ጀመር።

«ግባ እንጂ፣ አባዬ።»