የእናት ስም የሚጠይቅ ድረ ገጽ

ባየሽ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ጠርጣራ ብቻ ናት። የጠረጠረችው ነገር እውነት ሆኖ ባያውቅም መጠርጠሯን አላቆመችም። እንዲህ ያለ ጽናት በዘመናችን ብርቅ ነው።

በፈረንጆቹ 2006 ጸደይ፣ ሚኒሶታ ፊሊፕስ ሰፈር የሚሰበሰበው የኢትዮጵያውያን ማኅበር አሥረኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ዕጣ አዘጋጀ። ዕጣው የወጣለት አባል እናቱ ከአገር ቤት ትመጣለታለች። ቲኬቱንም፣ የኤምባሲውንም ጣጣ ማኅበሩ ይችላል። ባየሽ እናቷን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ልጇ ሳትወለድ ነው። ልጅቷ አያቷን የምታውቃት በስልክ ነው፤ አያት ትመርቃለች፣ ልጅ «ኦኬ» ትላለች። የእናቷን ስም እዚህም አንጽፈውም፤ ባየሽ አትወድም።

ምዝገባው በኢንተርኔት ነው ተባለ። ድረ ገጹን የሠራው ኤዶሳ ዲንሳ ነበር፤ ዳውንታውን አንድ ቢሮ ውስጥ ኮድ የሚጽፍ፣ ብዙ የማይናገር፣ ሲናገርም የማይገባ ሰው። በስብሰባው ላይ ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። የመታወቂያችሁን ኮፒ አፕሎድ ታደርጋላችሁ፤ ቅጹን ትሞላላችሁ፤ መንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው ተመስጥሮ ይሄዳል፤ ከታች የጓጉንቸር ምልክት ታያላችሁ፤ አንዴ ከተላከ እኔም ብሆን አንዲት ፊደል አልለውጥም፣ የምትጋበዘው ስሟ የተጻፈው እናት ናት፣ አለ። አባላቱ በታላቅ አክብሮት እያዳመጡ ስለ መኪናቸው ፓርኪንግ ያስቡ ነበር።

«ገጹን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ዕጣው ውስጥ አልገባም» ሲል ግን ለሁሉም ገባቸው። ተጨበጨበ።

ባየሽ አላጨበጨበችም። እናቱን የማይፈልግ ሰው ምን ፈልጎ ነው?

መልሱን ያገኘችው ከከሚሪያ ባህሩዲን ነው። ከሚሪያ የኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ባየሽ የኒው ሆፕ ነዋሪ ናቸው፤ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ያጥባሉ። ሥራ የሚሄዱት በከሚሪያ መኪና ነው። ከሚሪያ ድራይቭ ታደርጋለች፣ ባየሽ ትጠረጥራለች። ከሚሪያ ከኤዶሳ ጋር ሰላም ስትባባል አንድም ቀን ታይታ አታውቅም፤ ባየሽ ይህንን ለአስተዋይነቷ ቆጥራላታለች።

«ገጹን አየሽው?» አለች ከሚሪያ መሪውን እንደያዘች። «የእናት ስም ይጠይቃል።»

«እና?»

«እና ትያለሽ እንዴ፣ ባዩ? ስምሽንና የእናትሽን ስም አምጪ የሚልሽ ማነው?»

ባየሽ ባደገችበት አገር እንዲህ የሚጠይቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ደጁ ላይ ጥቁር ዶሮ የታቀፈ ሰው ይሰለፋል።

«መታወቂያሽን ደግሞ ከነፎቶው ይወስዳል» አለች ከሚሪያ። «ምን ቀረው?»

ባየሽ እናቷን መጥራት እንደምትፈልግ፣ ለጠንቋይ አሳልፋ መስጠት ግን እንደማትችል ተናገረች።

«ማን ይቅርብሽ አለ? የራሱን እናት ስም ጻፊለት። ነገር ካለበት ወደ ቤቱ ይመለስ። ወይዘሮ ኢብሲቱ ጎንፋ ይባላሉ። ዕጣው ከወጣልሽ የእናትሽን ስም በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ፤ ሊቀ መንበሩ አቶ ሂርጳ ሰው አይደሉ?»

«አንቺስ?»

«እኔማ ኢብሲቱ ጎንፋ ብዬ ልኬ አደርኩ። ይኸው፣ ምን ሆንኩ?»

በጠላት እናት ላይ እንኳ «ይባላሉ» ማለቷ ባየሽን ነካት። አስተዳደግ ማለት ይህ ነው።

ባየሽ ላይብረሪ ሄዳ እንደተመከረችው ጻፈች። ጓጉንቸሩ እንደተባለው ከታች ተቆልፎ ነበር። ይህም አላማራትም፤ ደህና ሰው ምን ያስቆልፈዋል? ከዚያ ምስጢሩን ለምታምናቸው ብቻ፣ ለማንም እንዳይናገሩ አስምላ ነገረች። እነሱም ለሚያምኑት እንጂ ለማንም አልተናገሩም፤ ያውም ሳያስምሉ።

ዕጣው በወጣ ቀን አዳራሹ ሞላ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሂርጳ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው «ባየሽ» አሉ። እልልታው ቀለጠ። ባየሽ አለቀሰች። አቶ ሂርጳ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ተጋባዥ እናት፣ ወይዘሮ ኢብሲቱ ጎንፋ።»

«የኔ እናት ናት» አለ ኤዶሳ በዝግታ።

ባየሽ ስህተት መሆኑን ተናገረች። ኤዶሳ እንደማይታረም አስቀድሞ መናገሩን አስታወሰ። አቶ ሂርጳ፣ ታዲያ የሰው እናት ስም እንዴት እዚያ እንደገባ በአባትነት ጠየቋት። ባየሽ አፏን ከፈተች። ጠንቋይ መስለኸኝ መተትህን ወደ እናትህ መለስኩት እንዴት ይባላል፣ ያውም በማይክሮፎን? ማይክሮፎኑን መለሰችላቸው።

«እንግዲያው ሌላ ይውጣ» አሉ አቶ ሂርጳ።

ሌላ ወጣ። ወይዘሮ ኢብሲቱ ጎንፋ። ደግሞ ሌላ ወጣ። ወይዘሮ ኢብሲቱ ጎንፋ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የገዛ ጫማውን ማጥናት ያዘ።

የአቶ ሂርጳ ዓይን እንባ አቀረረ። «ልጁ ራሱን ከዕጣው ቢያወጣ እናንተ ደግሞ ዕጣችሁን ለእናቱ ሰጣችሁ» አሉ። «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሕዝብ አላየሁም።» ቃለ ጉባኤው ላይም እንዲሁ ተጻፈ። የተቃወመ አልነበረም።

በመከር፣ ባየሽ የለጋሾች ተወካይ ሆና አበባ እንድትይዝ ተመረጠች። ወደ ኤርፖርት ከሚሪያ ናት ይዛት የሄደችው። ባየሽ መንገዱን ሙሉ ስታስብ ቆየች።

«ኤዶሳ አንድ ነገር ሠርቶናል» አለች በመጨረሻ። «ብቻውን ግን አይችልም። ከመካከላችን ሰው አለው።»

«ማን ይሆን?» አለች ከሚሪያ።

ባየሽ የአቶ ሂርጳን ሚስት ጠርጥራለች፤ ሴትየዋ ሲበዛ ትስቃለች።

ወይዘሮ ኢብሲቱ በሚገፋ ወንበር ላይ ሆነው ብቅ አሉ። ኤዶሳ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም ግንባሩን ስመው፣ ባየሽ የዘረጋችውን አበባ ተቀብለው መረቋት። ከዚያ ከትከሻዋ ኋላ ማየት ጀመሩ።

«እህትህስ፣ የባህሩዲን ልጅ?» አሉ።

«አለሁ፣ እማዬ» አለች ከሚሪያ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ኪሷ እየከተተች።