ዓይን ያልነካው ገጽ

ወረቀት ያየውን ዓይን ማስታወስ ከጀመረ ወዲህ፣ የተነበበ መጽሐፍ ዋጋ የለውም። አባቴ እኔ በተወለድኩበት ዓመት በጥቂት ቅጂ ብቻ የታተመ የዘንዶ ተረት ገዝቶ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለው። “ስታድጊ ሸጠሽ ቤት ትሠሪበታለሽ፤ እንዳትነኪው!” ይለኝ ነበር። ማታ ማታ ሐይቁ ስለጠፋበት ዘንዶ ይተርክልኛል፤ ከራሱ የፈጠረው ይመስለኝ ነበር። “ተረቴን መልሱ” ሳይል እንቅልፍ ይወስደኛል።

አባቴ ካረፈ በኋላ መጽሐፉን ለገሃር ላሉት መጽሐፍ ሻጭ፣ ለጋሽ ደምሰው ወሰድኩላቸው። ወረቀት ላይ የቀረ የዓይን አሻራ የሚያሳየውን መብራታቸውን ሲያበሩበት ፊታቸው ቅጭም አለ።

“ተነቧል፣ ልጄ። አንድ ሰው ነው ደጋግሞ ያነበበው፤ እስከዚህ ድረስ።”

ገጹን አየሁት። ዘንዶው ሐይቁን ፍለጋ ሊበር ክንፉን ይዘረጋል። ሁልጊዜ እንቅልፍ የሚጥለኝ እዚሁ ጋ ነበር።

“ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን ዓይን አልነካውም። ለሱ ደህና ዋጋ እሰጥሻለሁ።”

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ገጹን ገለጥኩ።

“ኧረ ተይ! ምን ነካሽ?” ብለው ጮኹ።

እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከዚያም ጮክ ብዬ፣ “ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ” አልኩ፤ ለአባቴ።