ሁለት መስኮቶች በአንድ ስክሪን

ሬዲዮና ጭምቷ ከሚሏቸው ሁለት ጸሐፊዎች አንዳቸው በወሩ መጨረሻ መሰናበት ነበረባቸው። ሥራ አስኪያጁ ምርጫውን ለክፍል ኃላፊዋ ጥሎ ሄደ።

ሥራው በእጅ የተጻፉ የቆዩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። የወረቀቱ ፎቶ በስክሪኑ ግራ በኩል ይወጣል፤ ጸሐፊው እያየ በቀኝ በኩል ይጽፋል። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች አሮጌ ስለሆኑ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ጭኖ የሁሉንም ሰው ዴስክቶፕ ዕቃ ክፍል ባለው አንድ ትልቅ ማሽን ላይ አኑሮታል። የትኛውም ወንበር ላይ ተቀምጦ ስምና የይለፍ ቃል ላስገባ፣ በዚያ ስም ያለው ዴስክቶፕ ፊቱ ከች ይላል። ለኃላፊዋ ደግሞ ፎቅ ላይ ሆና የፈለገችውን ሠራተኛ ዴስክቶፕ እንድታይ አደረገላት።

ይህን ለሠራተኞቹ የነገረቻቸው ራሷ ናት። «ከዛሬ ጀምሮ ከላይ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ።»

«ካዩማ ተገላገልን፣ እትዬ! ምን የምንደብቀው አለን?» አለ ሬዲዮ። አዳራሹ ሳቀ።

ሬዲዮ ያሉት ጠዋት ከተከፈተ እስከ ማታ ስለማይዘጋ ነው። ከረጅም የሕመም ፈቃድ ተመልሶም ወሬው አልቀነሰም፤ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ በግራው እየጨበጠ ሰላምታውን ያዳርሳል። አጠገቡ የምትቀመጠው ጭምቷ ናት። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። «አፌንም እጄንም ላወርሳት ነበር፤ እሷ እቴ፣ እጄን ብቻ ወሰደች» ይላል።

ጭምቷ የሟች እህቷን ልጅ ለብቻዋ ታሳድጋለች። ኃላፊዋ ይህን ታውቃለች። ፊት ለፊት ይሉኝታ ይይዛል። ስለዚህ ከፎቅ ሳትወርድ የሁለቱን ዴስክቶፖች በሁለት መስኮት ጎን ለጎን ከፍታ ተቀመጠች።

የሬዲዮ መስኮት ሥራ አይፈታም። ፊደል ፊደልን እየተከተለ ገጹ ይሞላል። ሳቁ በደረጃው በኩል እየተሰማ እንኳ መስመሩ አይቋረጥም። «አፉም አይደክመው፣ እጁም አይደክመው» አለች ኃላፊዋ ለብቻዋ።

የጭምቷ መስኮት ግን እንደቆመ ያረፍዳል። የሚንቀሳቀሰው ወደ ማምሻው ነው፤ እሱም ለጥቂት ገጽ።

አንድ ቀን ኃላፊዋ በደረጃው መታጠፊያ ቆማ ቁልቁል አየች። ጭምቷ አጎንብሳ ቁልፎቹን ትመታለች። ወደ ክፍሏ ተመለሰች። የጭምቷ መስኮት ባዶ ነው። ለማስመሰል ነው የምትመታው ማለት ነው። አስጠራቻት።

«ምን ስትሠሪ ነው የምታረፍጂው?»

«ስጽፍ።»

«ምኑን?»

ጭምቷ ቀና ብላ አየቻት። «እርስዎ ሁሉንም ያያሉ አይደል?»

«ያየሁትንማ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ምን እጨምራለሁ፣ እትዬ?»

ኃላፊዋ ድፍረት መሰላት።

በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ፣ እንደተሰናበተች ነገረቻት። ጭምቷ ቦርሳዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች።

«እሱስ?»

«እሱ ይቆያል።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን ያንቺን ብዙ እጥፍ ይሠራል።»

ጭምቷ ደረጃውን ወርዳ ሄደች። ኃላፊዋ ጸጸት ይሰማት እንደሆነ ትንሽ ጠበቀች። ምንም አልነበረም። መብራቱን አጥፍታ ወጣች።

በማግስቱ አንድ መስኮት ብቻ ከፈተች፤ የሬዲዮን። ገጹ ነጭ ነው። ብትጠብቅ ብትጠብቅ አንዲት ፊደል አልወረደችም። ሳቁ ግን ከታች ይሰማል። የውስጥ ስልኩን አነሳች።

«ምነው ዴስክቶፕህ ቆመ? ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው፣ እትዬ። ጭምቷ ገና ስላልገባች ነው።»