ሦስት ጣት ውሃ

ቦቴው ውሃውን ሲለቀው መምህሩ በመኪናዋ በር ላይ ለውሃው መለኪያ በጠመኔ ያሰመራቸውን መስመሮች በዓይኑ ይቆጥራል። ጉድጓዱ የተቆፈረው በመንጃ ማሠልጠኛው ግቢ፣ ተማሪዎች ወደ ኋላ ማቆም በሚለማመዱበት ቦታ ላይ ነው። ወለሉ ሸራ ለብሷል። የማስተማሪያዋ መኪና መሃሉ ላይ ባዶዋን ቆማለች፤ በሮቿ ግጥም ብለው ተዘግተዋል፣ የእጅ ፍሬኗ ተይዟል።

«አሮጊቷ በስተርጅና ዋና ልትማር ነው» ይላል ሜካኒኩ፣ ቦት ጫማውን አጥልቆ ወደ ጉድጓዱ እየወረደ። የሚስቅለት የለም።

የመምህሩ የወንድም ሚስት ጠርዙ ላይ ቆማ እጆቿን በጥቁር ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሸሽጋለች። በዓይኗ እንድታይ የጠራት እሱ ነው። ደራሽ ውሃ ባሏን ከነመኪናው ከወሰደው አራት ወር ሆነው። ሰው «ደንግጦ መሪውን ለቆት ነው» ይላል፤ «ቀማምሶ ነበር» የሚልም አልጠፋም። መምህሩ ደግሞ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቢሰማኝ ኖሮ አይሞትም ነበር» ብሏል።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ውሃ ቀላሉን ነው የሚወስደው፤ ባዶ መኪና ይዛችሁ ውሃ ከገጠማችሁ፣ ድንጋይ ጫኑና ተሻገሩ። እሱን ያስተማረው ሰውም እንዲሁ ብሎት ነበር። ሁለቱም ለክተው አያውቁም። «ውሃ የሚወስደው?» ሲል ተማሪዎቹ «ቀላሉን!» ይሉታል። ወንድሙ በተማሪነቱ ጊዜ ከሁሉም በላይ ጮኾ ነበር የሚመልሰው።

ውሃው ከጉልበት ዝቅ ብሎ ሲደርስ መኪናዋ ትንቀሳቀሳለች። ሜካኒኩ በአንድ እጁ ገፋ ያደርጋታል፤ እሺ ብላ ትሄድለታለች።

«እያሳሳቀ መውሰድ ማለት ይቺ ናት» ይላል፤ ከዚያ ሴትዮዋን አይቶ አፉን ይይዛል።

«ባዶዋን ስለሆነች ነው» ይላል መምህሩ ፈጠን ብሎ። «እንደ እሱ መኪና። አሁን እንጫናት።»

ሱሪውን ሰብስቦ ይወርዳል። ድንጋዩን የምታቀብለው የወንድሙ ሚስት ናት፤ እሱ ተቀብሎ በኋላው መስኮት እየወረወረ ያስገባል። ሃያ ድንጋይ። አንዱ የወንበሩን ልብስ ይቀደዋል፤ ሴትዮዋ ቀዳዳውን ዝቅ ብላ ታየዋለች።

መኪናዋ ዝቅ፣ ዝቅ ትልና ሸራውን ትረግጣለች። ሜካኒኩ በሁለት እጁ ይገፋል፣ በትከሻው ይገፋል። ፍንክች አትልም።

መምህሩ ይተነፍሳል። ከለቅሶው ወዲህ እንዲህ ተንፍሶ አያውቅም።

«አየሽ፣ እህቴ? ይህችኑ ብቻ ቢሰማኝ ኖሮ...»

«ሰምቶዎታል፣ ጋሼ።»

ፊቱን ያዞራል። እሷ የምታየው እሱን አይደለም፤ የኋላውን ወንበር ነው።

«መኪናውን ሲያወጡት ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። እርስዎ ያን ቀን ለቀብሩ ይሯሯጡ ነበር። የኋላ ወንበሩ ላይ ድንጋይ አየሁ። መጀመሪያ ጎርፉ ያስገባው መስሎኝ ነበር። መስታወቱ ግን አልተሰበረም። ደግሞ ድንጋዩ ተደርድሯል፤ ትልልቁ ከታች፣ ትንንሹ ከላይ።» ወደ ተቀደደው ወንበር ትጠቁማለች። «ወንበሩ እንዳይቀደድ ጃኬቱን አንጥፎበታል።»

ሜካኒኩ ቦት ጫማውን አተኩሮ ያያል።

«ለምን... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያን ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበልዎት፣ ጋሼ? ታላቁ ነዎት።» እጆቿን መልሳ በእጅጌዋ ውስጥ ትሸሽጋለች። «ዛሬም ልቀር ነበር። ነገ አዲስ ተማሪዎች ይገባሉ ሲሉኝ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ወደ ቦቴው ሹፌር ዞራ፣ ሻይ ድገሙን በምትልበት ድምፅ፣ «ይጨምሩበት» ትለዋለች።

ሹፌሩ መምህሩን ያያል። መምህሩ በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል።

ውሃው እንደገና ይወርዳል። አንድ ጣት ይጨምራል። መኪናዋ እንደቆመች ናት። አትነሺ፣ ይላል በልቡ፣ አንቺ እንኳ አታሳፍሪኝ። ሁለት ጣት። ወንድሙ ይታየዋል። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ይለቅማል። ጃኬቱን አውልቆ ያነጥፋል። ሁልጊዜም ሥራው የጠራ ነበር፤ አንዱን ያነሳል፣ አልገጥም ሲለው አገላብጦ በሌላ ጎኑ ያስቀምጠዋል። አይቸኩልም። ታላቅ ወንድሙ ያለውን እያደረገ ነው። ውሃውም ከላይ እየመጣ ነው፤ ወንድሙ ሲደርስ እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ የነበረው ውሃ።

ሦስት ጣት።

መኪናዋ ከነድንጋይዋ ቀስ ብላ ትነሳለች።

ከቦቴው የሚወርደው ውሃ አፍንጫዋን ገፍቶ ያዞራታል። መምህሩ ጠጋ ይልና መዳፎቹን የሞተሩ ክዳን ላይ ያሳርፋል። ይጫናል። ክዳኑ ትንሽ ዝቅ ሲልለት ደረቱን ያስተኛበታል፤ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ጉንጩን ቆርቆሮው ላይ አድርጎ፣ ያለ የሌለ ክብደቱን ይለቅበታል። ጎማዋ ሸራውን የነካች ይመስለዋል።

«በቃ፣ መምህር» ይላል ሜካኒኩ ቀስ ብሎ። «በቃ፣ ይውጡ።»

አይሰማውም። ጫማው ከወለሉ ይላቀቃል። መኪናዋ እሱንም በድንጋዩ ላይ ደርባ፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ የወንድሙ ሚስት ወደቆመችበት ጠርዝ ይዛው ትሄዳለች።