ሁለቱ የኔትወርክ ቀዳዳዎች

የሆስፒታሉ ሰርቨር፣ ማለትም ዋናው ኮምፒውተር፣ ሊኑክስ የተባለውን አዲሱን ሥርዓተ ክወና በራሱ ጭኖ ሲጨርስ፣ ባለሙያዋ የሕፃናት ክፍሉን የኔትወርክ ገመድ ጫፍ ይዛ ቆመች። ማሽኑ ገመድ የሚሰካባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩት፤ አንዱ ለሕፃናት ክፍሉ የልብ መከታተያዎች፣ ሌላው ለቢሮዎቹ። ሊኑክሱ ሲጫን ዝም ካሉት ቀዳዳዎቹን እንዳሻው ይሰይማቸዋል፤ ስማቸው ከተቀያየረ ደግሞ የነርሶቹ ስክሪን ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በመጫኛው ትእዛዝ ውስጥ እያንዳንዱን ስም በየቀዳዳው የኔትወርክ ካርድ ላይ ከታተመው መለያ ቁጥር ጋር አስራው ነበር። አንዲት ቁጥር ተሳስታ ከሆነስ? በሕፃናት ክፍሉ ሰባተኛው አልጋ ላይ የተኛችው የገዛ ልጇ ነበረች።

«ኧረ እህቴ፣ ሰክተሽ ገላግይን!» አለ የሥራ ባልደረባዋ። ዓይኗን ጨፍና ሰካችው። አረንጓዴው መብራት ብልጭ አለ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የሕፃናት ክፍሉን ነርስ፣ «ሲስተር፣ ይታያል?» ስትል ጠየቀች።

«ሁሉም መጥቷል። ቆይ… ሰባተኛው አልጋ የለም!»

ከስልኩ ማዶ የሩጫ ኮቴ ሰማች፤ ከዚያ የነርሷን ሳቅ። «ይቺ ጉደኛ ልጅሽ! ሽቦውን ከደረቷ ላይ ነቅላ በሩ ላይ ቆማለች። እማዬ ጋ ውሰዱኝ ትላለች።»

የእናትየው ጣቶች ገና ገመዱን አልለቀቁም ነበር።