የብርማዋ ቪትዝ ዋጋ

አቶ ዋቅቶላ ብርማ ቪትዛቸውን ይዘው ቡልጋሪያ ሰፈር፣ የመኪና ደላሎቹ ዘንድ ከቆሙ ሦስት ሰዓት አለፋቸው። ከፊታቸው መኪና፣ ከኋላቸው መኪና ተደርድሯል። ልውጣ ቢሉም መውጫ የላቸውም።

ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው፣ የአንዲት መኪና ዋጋ ማወቅ አቃታቸው። አንዱ ደላላ አንድ ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ አላቸው፣ ሁለተኛው አንድ ሚሊዮን አምስት መቶ። ሦስተኛው መኪናዋን ሁለቴ ዞረና "እርስዎስ ስንት ይላሉ?" ብሎ መልሶ ጠየቃቸው። እዚህ ሰፈር ቀድሞ ዋጋ የጠራ ተበላ ማለት ነው። ሁሉም የሚያነሱት ሰበብ ግን አንድ ነው፤ በግራ በኩል ቀለም ተነክታለች።

እንዲህ ያስቸኮላቸው ልጃቸው ነው። ሊካሳ ካዛንቺስ ያለው ቤታቸው በፈረሰ በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ ድንገት ተነስቶ ሐዋሳ ዘመድ ዘንድ ሄደ። አሁን ውጭ አገር ሥራ አግኝቷል፤ እስከ ዓርብ የመኪናዋ ሽያጭ ገንዘብ ካልደረሰው ግን ዕድሉ ያመልጠዋል። ሊብሬው በአባትየው ስም ስለሆነ መሸጡ የእሳቸው ዕዳ ሆነ። ልጁ በስልክ "አባዬ፣ በቃ ባገኘኸው ሽጣት" ይላል። እሳቸው ግን ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ባዶ እጁን ሊሸኙት አልፈለጉም።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ሙክታር የሚባለው ደላላ ገዢ መጣች አለና ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብሎ አስጠነቀቃቸው።

"ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ ሁለት ወር ሙሉ ብርማ ቪትዝ ስታይ ነው የከረመችው። ማለቴ፣ አንዱንም አልገዛችም። እንዳታደክምዎት።"

ለአቶ ዋቅቶላ ወዲያው ገባቸው። ዋጋ ሰባሪ ናት። እንዲያውም ያስመጣት ይኸው ሙክታር ሳይሆን አይቀርም፤ አንዱ ያጣጥላል፣ ሌላው በርካሽ ያነሳል።

ሴትዮዋ ዙለይካ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። የራሷን መካኒክ ይዛ መጥታለች። ሞተሩ ይነሳ አላለችም፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደች ብላም አልጠየቀች። በቀጥታ ግራው የፊት መብራት ጋ ሄዳ ቁጢጥ አለችና መብራቱ አዲስ መሆኑን ተናገረች።

አቶ ዋቅቶላ መዋሸት አይሆንላቸውም። ልጃቸው ምሰሶ ገጭቶ እንደነበር፣ መብራቱና ፓራፋንጎው፣ የፊት መስታወቱም አብሮ እንደተቀየረ ነገሯት። እየተናገሩ ሁለት መቶ ሺህ ብር ከእጃቸው ስትወጣ ታየቻቸው።

መካኒኩ ኮፋኖውን ከፍቶ ከውስጥ በእጁ ዳበሰ። ከላይ ነው የተጨፈለቀው፣ የፊቱ ብረት ንክች አላለም አለ። ምሰሶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይተወውም ነበር።

አቶ ዋቅቶላ ነፍስ ዘሩ።

"አየሽ ልጄ፣ የገጨው ነገር ጠንካራ አልነበረም ማለት ነው። መኪናዋ ምንም አልሆነች።"

ዙለይካ ቀና ብላ የፊት መስታወቱን አየች። አስተያየቷ አናደዳቸው፤ ዋጋ ማውረጃ አስተያየት ነው። መቼ እንደሆነ ጠየቀች። ጥር አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት አሉ። የት? ላንቻ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት። ልጁ ሲነዳ ጥንቁቅ እንደሆነ እንድታውቅላቸውም፣ ያን ዕለት ደንግጦ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም ብለው ጨመሩላት። በዚህ ዘመን ለንብረቱ እንዲህ የሚያዝን ወጣት የት ይገኛል?

አሁንም አላመነችም መሰለኝ ብለው የጋራዡን ደረሰኝ ከኪሳቸው አወጡ። ጥር አሥራ ሦስት ይላል፤ የተቀየረው ዕቃ በሙሉ ተዘርዝሯል፣ ከሥሩ የሊካሳ ሙሉ ስምና ፊርማ አለ። ዙለይካ ደረሰኙን በስልኳ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አነሳችው፤ ታርጋውንም አነሳች። ያነሳችውንም አንድ በአንድ ደግማ አየች። አቶ ዋቅቶላ ይህን የሚገዛ ሰው ጉጉት አደረጉት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ወደ ሙክታር ኮራ ብለው ዞሩ።

ልጃቸው ገንዘቡን ሲቀበል በሐሳባቸው ታያቸው፤ ደስ አላቸው።

"ከአንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ አልወርድም" አሉ። "በይ እንግዲህ፣ አንቺስ ስንት ትያለሽ?"

ዙለይካ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"እዚያ ምሰሶ የለም፣ አባባ። የቆመችው እህቴ ነበረች።"