የእሁዱ ኮረብታ

«ሰዓቱን ለምን ታቆመዋለህ?» አለች እናቱ፣ ገና ድንጋዩ ላይ ቁጭ ከማለቷ።

«አረፍሽ አይደል እንዴ? እኔ የምለካው የእግር መንገዱን ነው።»

«ታዲያ ሰው ሽቅብ ሲወጣ አያርፍም? ማረፉስ መንገድ አይደለም? አስኪደው!»

ልጅየው ሰዓቱን መልሶ አስኬደው። ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማውን መናፈሻ፣ የሐይቁን ዳርቻ፣ ጦጣ የሚበዛበትን ገደል ሁሉ እየለካ «ከዚህ እስከዚያ ይህን ያህል ደቂቃ» የሚል ታፔላ ሲያስተክል፣ ባረፈ ቁጥር ሰዓቱን ያቆም ነበር። በዚያ ላይ እግሩ የፍየል ነው። «ሃያ ደቂቃ» የሚለውን አምኖ ልጆቹን አስከትሎ ይህን ኮረብታ የጀመረ አባወራ፣ ከሰዓት በላይ ለፍቶ፣ ታፔላ ተካዩን ከነዘር ማንዘሩ እየረገመ ጫፍ ይደርሳል። ከተማው «ሃያ ደቂቃ» የሚል ስም ካወጣለት ቆይቷል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ የሰማው ባለፈው ወር ነው። አለቃው ቢቸግረው፣ «ሁለተኛ ብቻህን እንዳትለካ! ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይዘህ ውጣ!» አለው።

ጉልበቱን የሚያመው ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ነገሩን ቤት ሲያወራ እናቱ ሳታስጨርሰው «እኔ አለሁልህ» አለች። መቸኮሏ ገርሞታል። አርባ ዓመት ከኮረብታው ሥር ስትኖር አንድ ቀን ወጥታው አታውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ዕቃዋን ሸክፋ ሌላ ከተማ፣ ሴት ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው።

ምክንያቱን አሁን ጉልበቷን እያሸች አወጣችው።

«አባትህ እሁድ እሁድ እዚህ ምን ይሠራ ነበር?»

«አየር ሊቀበል ነዋ።»

«አየርማ ቤታችንም ሞልቷል። እስኪሞት ድረስ አንድ እሁድ አላጎደለም። ‹ምን አለ እዚያ?› ስለው ‹ምንም› ይለኛል። ‹ልከተልህ?› ስለው ‹ጉልበትሽን› ይለኛል። ያኔ ጉልበቴ ምን ሆኖ!» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እዚህ ግርጌው ላይ ችግኝ የምትሸጠዋን ሴትዮ ታውቃታለህ?»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትለኛለህ? እናንተን ሳሳድግ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው እንጂ። ሳላውቅ ከዚህ ከተማ አልወጣም፤ በቃ!»

ልጅየው ፈራ። አባቱ እዚህ ምን ይሠራ እንደነበር እሱም አያውቅም። «ጉልበትሽ አብጧል፣ እንመለስ» ቢላት ትከሻውን ተደግፋ ተነሳች።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን እንደ መርማሪ ፖሊስ ነው የወጣችው። አግዳሚ ወንበር ባየች ቁጥር ቆማ ከዚያ ምን እንደሚታይ ትመረምራለች። አፍቃሪዎች ስማቸውን የቀረጹበት ዛፍ ስታገኝ መነጽሯን አውጥታ ዙሪያውን አነበበች። «ደግሞ ያገሬው ሁሉ ፍቅረኛ እዚህ ነው እንዴ የሚያልቀው?» አለች፤ የባሏ ስም ግን አልነበረም።

ጫፍ ላይ የሚጠብቃቸው ዘበኛው ብቻ ነበር። ከፊቱ ሐይቁና ከተማው እንዳለ ተዘርግቷል፤ ሰው የሚወጣው ይህን ሊያይ ነው። ልጅየው ፈራ ተባ እያለ፣ እሁድ እሁድ ይመጣ የነበረ ባለ ባርኔጣ ሰው ያስታውስ እንደሆነ ጠየቀው።

«ልብስ ሰፊውን? ነፍሳቸውን ይማርና!» አለ ዘበኛው። «እሳቸው እዚህ አይቀመጡም። ከጀርባ፣ ያቺ ድንጋይ ላይ ነበሩ።»

«ከማን ጋር?» አለች እናትየው።

«ከማንም፣ እናቴ። እኔንም ሰላም ካሉኝ በኋላ አያናግሩኝም።»

ዞራ ሄዳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ልጅየው አጠገቧ ቆመ። ሜዳ ነው፤ ሳር፣ ሁለት ሦስት ላሞች፣ ሰው የማይሄድበት ቀጭን መንገድ። ለዚህ ብሎ ታፔላ የሚተክል የለም። ነፋሱ ከታች ሽው ይላል እንጂ ሌላ ድምፅ አይሰማም።

«ቤታችን በየት በኩል ነው?»

«ከኋላሽ ነው፣ እማዬ። ከዚህ አይታይም።»

«የጎረቤቶቹስ?»

«የማንም ቤት አይታይም።»

ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አለቀሰች ብሎ ደንግጦ ጎንበስ ሲል እየሳቀች ነው።

«ሰባት ልጅ» አለች፣ «እናቱ፣ እህቱ፣ የስፌት መኪናው፣ እኔ ከነአፌ፤ ሁሉም በሁለት ክፍል! እኔ ሞኟ፣ ሴት ስፈልግ ኖሬ!» ሳቋ ሲያባራ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሁለተኛ ስትናገር ድምጿ የሌላ ሰው መሰለው። «ምናለ ቢነግረኝ? ተራ እንገባ ነበር።»

ልጅየው በልጅነቱ ይህችን ሴት ብቻዋን ቁጭ ብላ አይቷት ያውቅ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። ሲያወጣ ሲያወርድ አንድም ቀን አልመጣለትም። ሲያማት እንኳ ሁለቱ አልጋዋ ላይ፣ አንዱ እግሯ ሥር ነበሩ።

«እንውረድ?» አላት ቀስ ብሎ።

«አንተ እስቲ ወዲያ ዞር በል» አለች፣ ሜዳውን እያየች።

ዞር አለ። አሥር እርምጃ ሄዶ መለስ ብሎ ሲያይ አሁንም ትታየዋለች፤ እሷም ብትዞር ታየዋለች። ትልቁ ዛፍ ጀርባ ገባ። ዘበኛው ውሃ በጣሳ ይዞ «እናቴ፣ ውሃ ልስጥዎ?» ሊል ሲንደረደር ልጅየው እጅጌውን ይዞ ጎተተው፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ግንዱ ጀርባ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተሸሸጉ።